የብረት መድኃኒት የሚወስድ ሕፃን ሰገራ ለምን ይጠቁራል?

«ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ባለቤቱን ከማያውቀው ሙያ ጋር የሚያፋጥጥበት ጊዜ አለ። ማዕረጉን ያገኘነው በፊዚክስ መሆኑን ለጎረቤቶቻችን ደጋግመን ብናስረዳም፣ የሰፈሩ ልጅ ባተኮሰው ወይም የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ባስፈለገ ቁጥር በራችን መንኳኳቱ አልቀረም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ያንኳኳችው አጥር የምንጋራት ወጣት እናት ነበረች። በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ዳይፐር ይዛለች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ይዩልኝ፤ መድኃኒቱ የልጄን አንጀት አቃጥሎት ይሆን?» አለችን። ያየነው ሰገራ እንደ ከሰል የጠቆረ ነበር።

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ይቀረዋል። ከሳምንት በፊት ተመርምሮ ደም ማነስ እንዳለበት በመታወቁ የብረት ሽሮፕ ታዞለታል። መድኃኒቱን የሰጣት ባለሙያ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታጠጣው ነግሯታል፤ የሰገራው ቀለም ሊለወጥ እንደሚችል ግን አልነገራትም። እርሷም በራሷ ፍርድ ካለፈው ማታ ጀምሮ መድኃኒቱን አቋርጣ ጠርሙሱን ለመጣል ተዘጋጅታለች።

እኛ ሐኪም አይደለንምና የሕፃናት ሐኪም ለሆነ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ስልክ ደወልን። እርሱም አራት ጥያቄዎችን አቀረበ። ጥቁረቱ የጀመረው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚያብለጨልጭ ነው ወይስ እንደ ወትሮው ነው? ሽታው ከተለመደው በጣም የከፋ ነው? ልጁስ ይጫወታል? ይበላል? አስታውኳል? የእናቲቱን መልስ ካዳመጠ በኋላ መድኃኒቱ በዚያው ዕለት እንዲቀጥል፣ ልጁም በቀጠሮው ቀን እንዲታይ አለ።

እናቲቱ ተጽናንታ ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን እኛን አልለቀቀንም። በደማችን ውስጥ ከቀይ ቀለም ጋር የምናውቀው ብረት፣ በምስማር ላይ ሲዝግ ቡናማ የሚሆነው ብረት፣ በአንድ ሕፃን አንጀት ውስጥ አልፎ ሲወጣ ጥቁር የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ሐኪሙስ ስለ ቀለሙ ጥቂት፣ ስለ ሌላው ብዙ የጠየቀው ለምንድን ነው? የሰገራ ነገር ለመጽሔት አይመጥንም የሚል አንባቢ ቢኖር ይቅርታውን እየጠየቅን፣ መልሱን ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ አንፃር ለማቅረብ እንሞክራለን።

የብረቱ ጉዞ

የአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆን ብረት ይይዛል፤ ከአንዲት ምስማር የማይበልጥ መሆኑ ነው። አብዛኛው የሚገኘው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ነው። እያንዳንዱ የሄሞግሎቢን ሞለኪውል አራት የብረት አቶሞች አሉት፤ በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅንን የሚይዙትም እነዚህ አቶሞች ናቸው። በደም ውስጥ ብረት መኖሩን በ18ኛው መቶ ዓመት በቦሎኛ ከተማ ያጠናው ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ሜንጊኒ፣ ደምን አቃጥሎ ከአመዱ ውስጥ በማግኔት የሚሳቡ ቅንጣቶችን ለይቶ ነበር። የማግኔት ትምህርት ለሐኪም ምን ይጠቅማል ለሚሉ ተማሪዎች ይህን ታሪክ መንገር እንወዳለን።

ወራቱን ጨርሶ የተወለደ ጤናማ ሕፃን ከእናቱ የወረሰው የብረት ክምችት እስከ ስድስት ወር ገደማ ይበቃዋል። የእናት ጡት ወተት የሚይዘው ብረት በደንብ የሚመጠጥ ቢሆንም መጠኑ አነስተኛ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የልጁ አካልና ደሙ በፍጥነት ስለሚያድጉ ብረቱ ከተጨማሪ ምግብ መምጣት አለበት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 57 ከመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ እንዳለባቸው አመልክቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አኀዙ 44 ከመቶ ነበር። በእርግጥ ደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም፤ ወባ፣ የአንጀት ትላትልና የሌሎች ንጥረ ምግቦች ጉድለትም ያመጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ደም ማነስ ከ40 ከመቶ በላይ በሆነባቸው አካባቢዎች ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን ከ10 እስከ 12.5 ሚሊ ግራም፣ ከ24 እስከ 59 ወር ላሉት ደግሞ 30 ሚሊ ግራም ብረት በዓመት ለሦስት ተከታታይ ወራት እንዲሰጥ መክሯል። ይህ ለመከላከል የሚሰጠው ነው፤ ታሞ ለተገኘ ልጅ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

አሁን ወደ አንጀት እንግባ። ከተዋጠው ብረት የተወሰነው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ይመጠጣል። ሰውነታችን የተትረፈረፈ ብረትን ወደ ውጭ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መቆጣጠር የሚችለው በመግቢያው በር ላይ ብቻ ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን የዚህ በር ዘበኛ ነው። ክምችቱ ሲሞላ ሄፕሲዲን ይጨምርና በሩ ይጠብባል፤ ክምችቱ ሲጎድል ይቀንስና በሩ ይሰፋል። ይሁን እንጂ በሩ በሰፋበት ጊዜ እንኳ ከመድኃኒቱ ውስጥ የሚያልፈው ጥቂቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ብረት መንገዱን ቀጥሎ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ታሪካችን የሚከናወነው በዚያ ነው።

በዶሮ ወጥ እንቁላል ላይ የሚታየው ቀለበት

ዶሮ ወጥ በቀረበበት ማዕድ እንቁላሉን ለሁለት የከፈለ ሰው፣ በነጩና በአስኳሉ ድንበር ላይ አረንጓዴና ግራጫ የተቀላቀለበት ቀለበት አይቶ ይሆናል። እንቁላሉ ተበላሽቷል ብሎ የሚተወውም አይጠፋም። ነገሩ ግን መበላሸት አይደለም። የእንቁላሉ ነጭ ክፍል ድኝ ያለባቸው ፕሮቲኖች አሉት፤ ለረዥም ጊዜ ሲቀቀል ከእነዚህ ፕሮቲኖች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። አስኳሉ በበኩሉ ብረት አለው። ጋዙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ የብረት ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ ይህም ጥቁር ነው። የእንቁላሉን ቀለበት አረንጓዴ የሚያስመስለው ጥቂት ጥቁር በቢጫው አስኳል ላይ መደረቡ ነው፤ ቢጫ ላይ ጥቂት ጥቁር ሲጨመር የወይራ ፍሬ ዓይነት አረንጓዴ እንደሚወጣ ሠዓሊዎች ያውቁታል።

በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በዚያ ኦክሲጅን የለም ለማለት ይቻላል። ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች፣ ከፊሎቹ ድኝ ካለባቸው የፕሮቲን ቁራጮች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሰልፌት ከተባሉት ጨዎች ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያመርታሉ። ሁላችንም በማይመች ሰዓት የምናውቀው የሆድ ጋዝ ሽታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ከላይ የመጣው ትርፍ ብረት ከዚህ ጋዝ ጋር ሲገናኝ በውኃ የማይሟሟ ጥቁር ደቃቅ ዱቄት ይሆንና ከሰገራው ጋር ይወጣል። ብረቱ አነስተኛ ሲሆን ሰገራው እንደ እንቁላሉ ቀለበት ጥቁር አረንጓዴ፣ በርከት ሲል ደግሞ ፈጽሞ ጥቁር ይመስላል።

ተመሳሳዩን ኬሚስትሪ ከቤት ውጭ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ውኃ ተኝቶበት የከረመ ቦይ ጭቃ በእንጨት ይቆስቁስ። ከላይ ቡናማ የሆነው ጭቃ ጥቂት ጣት ያህል ወደ ታች ሲወረድ ጥቁር ሆኖ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይዞ ይወጣል። ብረቱ ከአፈሩ፣ ድኙ ከባክቴሪያዎች ሥራ የመጣ ነው። የወጣው ጥቁር ጭቃ አየር ላይ ሲቆይ ኦክሲጅን ያገኘው የብረት ሰልፋይድ ይለወጥና ቀለሙ ወደ ቡናማ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ የጎረቤታችንን ጥያቄ መመለስ አይከብድም። መድኃኒቱ የልጁን አንጀት አላቃጠለም፤ ጥቁሩ ነገር ያልተመጠጠው ብረት ነው። በሰገራው ውስጥ ብረት መኖሩ መድኃኒቱ ከንቱ ሆኖ እየወጣ ነው ማለትም አይደለም፤ ጥሩ ውጤት በሚያገኝ ልጅ እንኳ የሚበዛው ብረት የሚያልፈው ወደ ውጭ ነውና። ቀለሙ ያልተለወጠበት ልጅም መድኃኒቱ አልሠራለትም ብሎ መደምደም አይቻልም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት፣ እንደ መጠኑ፣ እንደ ልጁ ምግብና በአንጀቱ ውስጥ እንዳሉት ባክቴሪያዎች ቀለሙ ይለያያል።

ጥቁር መሆን ምን ማለት ነው?

እስካሁን የብረት ሰልፋይድ ጥቁር ነው አልን እንጂ ለምን ጥቁር እንደሆነ አልተናገርንም። የፊዚክስ መምህር እዚህ ላይ ቢያቆም ያሳፍረዋል።

ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አጭሩ ሐምራዊ፣ ረዥሙ ቀይ ነው። የአንድ ነገር ቀለም የሚወሰነው ከዚህ ውስጥ የትኛውን መጥጦ የትኛውን እንደሚመልስ ነው። መጠጣውን የሚያከናውኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ኤሌክትሮን ከአንድ የጉልበት እርከን ወደ ሌላው የሚዘለው የእርከኖቹን ልዩነት በትክክል የሚሞላ የብርሃን ቅንጣት ሲያገኝ ነው። እርከኖቹ የት የት እንደሚገኙ ደግሞ የሚወስኑት የአቶሙ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ «የብረት ቀለም ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጎዶሎ ጥያቄ ነው፤ ብረቱ ከማን ጋር ነው መባል አለበት።

በብረት ሰልፌት ክሪስታል ውስጥ የብረቱ አዮን በውኃ ሞለኪውሎች የተከበበ ነው። በዚህ ጉርብትና የኤሌክትሮኑ ዝላይ ደካማ ነው፤ በአብዛኛውም የሚመጥጠው ከቀይ በታች ያለውን፣ ለዓይን የማይታየውን ብርሃን ነው። ከሚታየው የቀዩን ጫፍ ጥቂት ስለሚወስድ ክሪስታሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሆናል። በዝገት ውስጥ ብረቱ ከኦክሲጅን ጋር ነው፤ ሐምራዊውንና ሰማያዊውን ብርሃን አጥብቆ ስለሚመጥጥ የቀረው ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል። የወለጋና የከፋ አፈር ቀይ የሆነውም በዚሁ ነው። በደም ውስጥ ብረቱ ሄም በተባለ የቀለበት ቅርጽ ባለው ሞለኪውል መካከል ተቀምጧል፤ የደሙ ቅላት በአመዛኙ የዚህ ቀለበት ኤሌክትሮኖች ሥራ ሲሆን፣ ብረቱ ኦክሲጅን ሲይዝና ሲለቅ ቅላቱ ይደምቃል ወይም ይጠቁራል።

የብረት ሰልፋይድ ከሁሉም የተለየ ነው። በእርሱ ውስጥ የብረት አቶሞቹ እርስ በርሳቸው በጣም ስለሚቀራረቡ ኤሌክትሮኖቻቸው የየግል መሆናቸው ይቀርና የጋራ ይሆናሉ። የተነጣጠሉት እርከኖች እንደ ደረጃ መሆናቸውን ትተው እንደ ዳገት የተያያዙ ይሆናሉ። በደረጃ ላይ የሚወጣ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በተወሰነ ከፍታ ላይ ብቻ ነው፤ በዳገት ላይ ግን በፈለገው ቦታ ይቆማል። ስለዚህ ቀይ ቢመጣ፣ አረንጓዴ ቢመጣ፣ ሰማያዊ ቢመጣ ሁሉም የሚቀበለው ኤሌክትሮን ያገኛል። ወደ ዓይናችን የሚመለስ ብርሃን ስለማይኖር የምናየው ጥቁር ነው።

ለመሆኑ ያን ያህል ሰገራ ለማጥቆር ስንት የብረት ሰልፋይድ ይበቃል? ተማሪዎች በወረቀት ሊከተሉት የሚችሉት ቀላል ስሌት እነሆ። ልጁ 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል፤ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 3 ሚሊ ግራም ብረት ቢታዘዝለት 30 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚህ 15 ከመቶው ቢመጠጥ 25.5 ሚሊ ግራም ይቀራል። የብረት አቶማዊ ክብደት 56፣ የድኝ 32 ስለሆነ፣ የቀረው ብረት ሁሉ ሰልፋይድ ቢሆን 25.5 ሲባዛ በ88 ሲካፈል ለ56፣ ማለትም 40 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ኩብ ክብደት 4.8 ግራም ያህል ስለሆነ ጠቅላላው ይዘት 8 ሚሊ ሜትር ኩብ ነው፤ ጎኑ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩብ፣ ከምስር ፍሬ ያነሰ ነገር ማለት ነው።

ይህ ፍሬ እንዳለ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ነገር ግን በአንጀት ውስጥ የሚፈጠረው በደቃቅ ቅንጣት መልክ ነው። የቅንጣቶቹ ጎን አንድ ማይክሮሜትር ለአሥር ተካፍሎ አንዱ እጅ ያህል ቢሆን፣ በአንድ ንጣፍ ጎን ለጎን ሲደረደሩ 800 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይሸፍናሉ። ይህም ከአንድ የኤ4 ወረቀት ስፋት ይበልጣል። ከምስር ያነሰ ነገር አንድ ገጽ ሙሉ ሊያጠቁር የሚችለው በመድቀቁ ነው። ጥላሸት ለቀለም ሥራ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥቁር

የተለመደው የሰገራ ቡናማ ቀለም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ምንጩ ራሱ ደም ነውና። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲያልቅ ሰውነት ሄሙን ይከፍትና ብረቱን ለዳግም አገልግሎት ያስቀራል። ብረት አልባ የሆነው ቀለበት ተቆርጦ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያም ቢጫ ይሆናል፤ ሰንበር በቆዳ ላይ ቀለሙን ሲለዋውጥ የምናየው ይህንኑ ነው። ቢጫው በጉበት በኩል አድርጎ ከሐሞት ጋር አንጀት ይገባል፤ ባክቴሪያዎችም ወደ ቡናማ ይለውጡታል። ሐሞት ጨርሶ ወደ አንጀት ካልደረሰ ሰገራው እንደ ኖራ ወይም እንደ አመድ ይነጣል። በጨቅላ ሕፃን ላይ ይህ ከታየ የሐሞት መተላለፊያ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ከጥቁሩ ይልቅ እጅግ ሊያስቸኩለን የሚገባው ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ ነውና። ታይዋን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሰገራ ቀለማት የታተሙበት ካርድ በአገር አቀፍ ደረጃ ለወላጆች መስጠቷ ለዚህ ነው። ቀለምን ከቀለም ጋር ማስተያየት ርካሽ የመለኪያ መሣሪያ ነው።

በጥቁሩ ላይ ግን ይህ መሣሪያ ይከሽፋል። ደም ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ከፈሰሰ፣ በጨጓራ አሲድና በባክቴሪያዎች ተለውጦ የሚወጣው ጥቁር ሆኖ ነው። የመድኃኒቱ ብረትም ጥቁር፣ የደሙ ብረት የሚገኝበት ሄምም ሲለወጥ ጥቁር! ዓይን ብቻውን ሁለቱን አይለይም። ጓደኛችን ሐኪሙ ስለ ቀለሙ ብዙ ያልጠየቀው ለዚህ ኖሯል። ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ፕሮቲን ስላለው እንደ ሬንጅ ይጣበቃል፣ ያብለጨልጫል፣ ሽታውም የከፋ ነው። የብረት መድኃኒት ያጠቆረው ሰገራ ግን ብዙውን ጊዜ ቅርጹንና ሽታውን አይለቅም፤ ምናልባት ጠጠር ይላል፣ ብረት ሆድ ማድረቁ የታወቀ ነውና። ጥቁረቱ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረ ከሆነ፣ ልጁ የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካስታወከ፣ ከገረጣ፣ ከደከመ፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም በሰገራው ላይ ቀይ ደም ከታየ (ቀይ ሥር በልቶ ካልሆነ በቀር) ጊዜ ሳይባክን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ጎረቤታችን መድኃኒቱን ሳትጠይቅ ማቋረጧ በሳይንስ ዓይን አንድ ሙከራ ነበር፤ ምክንያቱ ሲነሣ ውጤቱ መነሣቱን ማየት። እውነት ነው፣ መድኃኒቱ ከቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ሙከራው ግን ደካማ ነው። የሚደማ ቁስልም በራሱ ሊቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ የተመለሰው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ አይታወቅም። ዋጋውም ውድ ነው፣ ልጁ በእነዚያ ቀናት ብረት አያገኝምና። የተሻለው ሙከራ በላቦራቶሪ የሚደረገው ነው። ከጓያክ ዛፍ ሙጫ በተሠራ ወረቀት ላይ ጥቂት ሰገራ ተቀብቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨመርበት፣ ሄም ካለ ኬሚካዊ ለውጡን ያፋጥነውና ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል። ከመድኃኒት የመጣው ብረት ሄም ስላልሆነ በአብዛኛው ይህን አያደርግም። በአንፃሩ ክትፎ የበላ ሰው በዚህ ምርመራ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀይ ሥጋ ሄም አለውና።

ሻይ፣ ማንኪያና ቁልፍ

የብረትን የቀለም ጠባይ በዓይኑ ማየት ለሚሻ ተማሪ ቀላሉ መንገድ በጥቁር ሻይ ነው። ጠንከር ብሎ የተፈላ፣ ስኳርና ወተት የሌለው ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይቀዳ፤ በአንዱ ውስጥ ተፈጭቶ በውኃ የተበጠበጠ የብረት ሰልፌት እንክብል ይጨመር። ጥቂት አየር ሲያገኝ ሻይው እንደ ቀለም ብልቃጥ ይጠቁራል። በሻይ ውስጥ ያሉት ታኒን የተባሉ ውሕዶች ብረቱን ስለያዙት ነው፤ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለም የተሠራው ከብረት ሰልፌትና ከታኒን ነበር። ይህ ጥቁር ሰልፋይድ አይደለም፤ ሌላ ጉርብትና ነው። የተያዘው ብረት በአንጀት በር ለማለፍ ይቸግረዋልና መድኃኒቱን በሻይ፣ በቡና ወይም በወተት ማስዋጥ አይመከርም፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ግን ያግዘዋል። በየቤቱ ለሕፃናት ሻይ በዳቦ ስንሰጥ ያችን ጥቁር ብርጭቆ ብናስታውሳት ጥሩ ነው። ከሙከራው በኋላ ብርጭቆው ይደፋ፤ ማንም እንዳይጠጣው።

ስለ መጠን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የሽሮፖች ጥንካሬ ይለያያል፤ «አንድ ማንኪያ» የሚለው ቃል ደግሞ ለፊዚክስ መምህር ጆሮ ይሰቀጥጣል። የማኪያቶ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ ይዘታቸው አንድ አይደለም። ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ መለካት ይገባል።

ብረት በብዛት ከተወሰደ መርዝ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ብረት የዋጠ ልጅ ለሕይወቱ ያሰጋዋል፤ ከዚያ ባነሰም ይታመማል። ለ10 ኪሎ ልጅ ይህ 600 ሚሊ ግራም ነው፤ እናቱ በእርግዝና ጊዜ የምትወስደው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረት ቢይዝ አሥር እንክብል ማለት ነው። እንክብሎቹ ደግሞ ከረሜላ ይመስላሉ። ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ የሁለት ዓመት ልጅ ወንበር ስቦ እንደሚወጣ የወለደ ያውቃል። የሚቆለፍ ቦታ ያስፈልጋል። ልጅ ብዙ እንክብል ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በቆላማና ወባማ አካባቢ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ፣ በዛንዚባር ፔምባ ደሴት በተካሄደ ጥናት፣ ወባ በሚበዛበት ቦታ ብረትና ፎሊክ አሲድ በጅምላ የተሰጣቸው ሕፃናት ሆስፒታል መግባትና መሞት ካልተሰጣቸው በልጦ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በእነዚህ ቦታዎች ብረት የሚሰጠው ወባን ከመከላከል፣ ከመመርመርና ከማከም ጋር ተጣምሮ መሆን አለበት የሚለው ከዚህ በመነሣት ነው። ሐኪም ያላዘዘውን ሽሮፕ ከጎረቤት ተውሶ ማጠጣት የማይገባው ለዚህም ጭምር ነው።

ጎረቤታችን መድኃኒቱን ቀጠለች። ከአንድ ወር በኋላ በተደረገው ምርመራ የልጁ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከአንድ ግራም በላይ ጨምሮ ተገኘ፤ ሐኪሞች በዚህ ጊዜ የሚጠብቁትም ይህንኑ ነው። ክምችቱ እስኪሞላ ግን ለተጨማሪ ሁለት ወራት እንድትቀጥል ታዘዘች። ሰገራው ያው ጥቁር ነው፤ ከእንግዲህ በፌስታል ይዛ አልመጣችም። በሌላ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳና ልጁን ታቅፋ ቆማ አገኘናት። ከንፈሩን በጣቷ ገልጣ «ዶክተር፣ ጥርሱስ?» አለችን። የፊት ጥርሶቹ ጠቆር ብለዋል። እንደገና ስልክ ደወልን። ፈሳሹ ብረት በጥርስ ላይኛው ገጽ ላይ የሚተወው ቀለም ነው፣ ጥርሱን አልጎዳውም፣ በስሪንጅ ወደ ጉንጩ ኋላ አድርጋ ታጠጣው፣ ውኃ ታስከትልለት፣ ጥርሱንም ትቦርሽለት፤ ካልለቀቀ የጥርስ ሐኪም ያነሣዋል ተባልን። ልጁ መቦረሽ አይወድም፤ ጩኸቱ በአጥሩ በኩል በየማታው ይሰማናል።